በረዶ የማይይዝበት ጥግ

ስቲልዋተር ሸለቆ፣ ፔንሲልቬንያ
ኦክቶበር 26 ቀን 2009

ወንድሜ ሜሪት፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከአባባ ፒፓ በስተቀር ደህና ነኝ። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ ከገዛ ጉድጓዳችን የወጣ ውሃ አንጠጣም ማለታቸውን በሽታ ካላልከው በቀር።

ስልኩ ለምን እንደማይነሳ ጠይቀሃል። «ውሃው ጋዝ መያዝ አለመያዙ እስኪጣራ ስልኩን ከግድግዳው ንቀሉት፤ ደወሉ ብልጭታ ይፈጥራል» ብለህ ያዘዝከኝ አንተው አይደለህም? ነቀልኩት። ሞባይሉ እንደሆነ በዚህ ሸለቆ ሰዓት ከመንገር ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ጎረቤታችን ቢቢ ቤት ሄጄ ልደውልልህ አልኩና ተውኩት፤ የቢቢ ሚስት ባለችበት የተወራ ሁሉ እሑድ ከስብከቱ በፊት ይሰማል። ስለዚህ እንደ ጥንቱ እየተጻጻፍን እንፍራ።

ውሃው ወተት መስሎ ይቀዳል፤ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ይጠራል። ጆሮህን ብታስጠጋው ያንሾካሹካል። ቢቢ «ሶዳ ከቧንቧ የሚቀዳበት አገር ሌላ የት አለ?» ይላል። የጋዝ ኩባንያው በእሱ ኮረብታ ላይ የመሰርሰሪያውን ማማ ከተከለ ወዲህ ሰውዬውን የማያስቀው ነገር የለም። ከቴክሳስ የመጣው የኩባንያው ሰው፣ ዱዌይን የሚሉት፣ ውሃውን በጠርሙስ ወስዶ ተመለሰና «ጋዙ ድሮም የነበረ ነው» አለኝ።

«ድሮ የት ነበር?»

«እዚሁ፣ ከሥራችሁ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳንተዋወቅ ኖርን?»

ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ።

አባባ እንደ ወትሯቸው ናቸው። ከእራት በኋላ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ፒፓቸውን ያቦናሉ። ክብሪቱን ዱቄት ውስጥ ብቀብረው አገኙት። ስኳር ውስጥ ብቀብረውም አገኙት። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ባስቀምጠው ኖሮ ይሄኔ የት እንደገባ አያውቁትም ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ግን እንዲህ አይባልም።

ሌላም ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ነበረ። በረዶ እስኪጥል ይቆይ።

እህትህ ኦርፋ

---

ቱልሳ፣ ኦክላሆማ
ኖቬምበር 2 ቀን 2009

እህቴ ኦርፋ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ በረዶን ቀጠሮ ያደረገ ወሬ እስካነብ ድረስ በጣም ደህና ነበርኩ።

አባባ «ያ ልጅ ማንም ያላየውን ነገር እየቆጠረ ነው ደሞዝ የሚበላው?» እያሉ ለሚጠይቁት፣ አዎ በያቸው። ከእናንተ እግር በታች፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባለው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ እገምታለሁ። ግምቱ ሦስት ነው፦ በድንጋዩ ውስጥ ያለው፣ ሊወጣ የሚችለው፣ ቢወጣ የሚያዋጣው። የመጀመሪያው ውቅያኖስ ነው፤ ሁለተኛው ሐይቅ፤ ሦስተኛው የጋዝ ዋጋ በወረደ ቁጥር የሚደርቅ ኩሬ። አለቆቼ መድረክ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ የሚዋኙት ውቅያኖሱ ላይ ነው። አዲስ ጉድጓድ ደግሞ እንደ ሠርግ ነው፤ የመጀመሪያው ሰሞን ግርግር፣ ዓመት ሲሞላ ግማሹ የለም። ስለዚህ አቅርቦቱ እንዳይወርድ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይቆፈራል። አይቆሙም ኦርፋ። ይሄን ያዢልኝ።

የሚያስፈራኝ ግን መቆፈሩ አይደለም። ድንጋዩ ጋዙን በፈቃዱ ስለማይለቅ ውሃና አሸዋ በኃይለኛ ግፊት ነድተው ይሰነጥቁታል። የቢቢ ኮረብታ ላይ የሚጀምሩት ሰኞ፣ ኖቬምበር 30 መሆኑን ከመሥሪያ ቤቴ ሰምቻለሁ። ግፊት ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። አሮጌ ቀዳዳ ካገኘ በዚያው ሽቅብ ይወጣል።

አያታችን ወጣት ሳለ በፈረስ በሚጎተት መሰርሰሪያ የጋዝ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር ሲባል አስታውሳለሁ። የት የት ቆፈረ? የእኛ ግቢ አለበት? አባባን ጠይቂልኝ። በረዶውንም አትጠብቂ።

ወንድምሽ ሜሪት

---

ስቲልዋተር ሸለቆ
ኖቬምበር 9 ቀን 2009

ሜሪት፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እከፍልሃለሁ። በረዶ ጣለ።

ግቢው፣ አጥሩ፣ የወተት ቤቱ ጣሪያ፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ከአባባ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ብቻ የድስት ክዳን የሚመስል ክብ፣ ጥቁር እርጥብ መሬት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ቦታ አንተም ታውቀዋለህ። ልጅ ሳለን ድመቶቹ ክረምቱን እዚያ ነበር የሚከርሙት። እማማ «ቤታችን እግዚአብሔር የተነፈሰበት ጥግ አለው» ትል ነበር። ለዚያ አይደል አያታችን በስተርጅና መኝታ ቤቱን እዚያው ላይ የሠራው? ለዚያስ አይደል አባባ ቁርጥማት ሲጀምራቸው አልጋቸውን እዚያ ያዞሩት?

ክቡ ግን አምና ሰሃን ያህል ነበር።

አባባን ጠየቅኳቸው። እግራቸውን ወለሉ ላይ አሙቀው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ከዚህ በታች የአያታችን ጉድጓድ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያለው?»

«ጉቶ ነው ያለው።»

«የምን ጉቶ?»

«የቼሪ ዛፍ ጉቶ። ጋዙ ሲያልቅ አባቴ በመጥረቢያ ጠርቦ፣ በመዶሻ ጠቅጥቆ ዘጋው። ጉቶ የተወተፈበት ጉድጓድ፣ ጉድጓድ አይባልም። ጉቶ ነው።»

ከጋዝ ኩባንያው ጋር የተፈራረሙት ውል ላይ «በዚህ መሬት አሮጌ የጋዝ ጉድጓድ አለ?» ተብለው ሲጠየቁ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን አንስተው «የለም» ያሉት በዚህ ሃይማኖት ነው። አሁን ቃላቸውን ቢያጥፉ የሳቸው ውል ብቻ አይደለም የሚቆመው። «አንዱ ግቢ ካለ ሌላውም ይኖራል» ተብሎ ኮረብታው በሙሉ ሊቆም ነው። ቢቢ በጋዙ ገንዘብ አዲስ ትራክተር አዟል። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢም የደወሉን ማማ ሊያሳድሱ ነው። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ከደወል ጋር መጣላት አይፈልጉም።

አያታችን ሌላ የት እንደ ቆፈረም ጠየቅኳቸው። በየጎረቤቱ እየዞረ፣ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ተርኪ ዶሮ እየተከፈለው፣ ይቆፍር እንደነበር ነገሩኝ። ሁሉንም የዘጋው በጉቶ ነው። ማን ማን ግቢ እንደሆነ ግን፣ «የሰው ቤት ሚስጥር አላወራም» ብለው ፒፓቸውን ጠቀጠቁ።

ክብሪቱን ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ።

ኦርፋ

---

ቱልሳ
ኖቬምበር 14 ቀን 2009

ኦርፋ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህን የምጽፈው ስልኩን እንዳስቀመጥኩ በጥድፊያ ስለሆነ ካልተነበበልሽ እንደ ሐኪም ጽሕፈት ቁጠሪው።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ልጅ «በተፈረመው ሰነድ መሠረት በአካባቢው አሮጌ ጉድጓድ የለም» አለችኝ። አለ ብላት፣ «ባለመሬቱ ይናገሩ» አለችኝ። ቀጥላም ስለዚያ ኮረብታ ለሠራሁት ግምት አመሰገነችኝ፤ በጣም አበረታች ሆኖ አግኝተውታል። ግምቴ ውስጥ የድንጋዩ ውፍረት አለ፤ የግፊቱ መጠን አለ፤ የዋጋ ውጣ ውረድ አለ። ለአያት የሚሆን ዓምድ ግን የለውም።

በረዶውን የሚያቀልጠው በጉቶው ዙሪያ የሚያመልጠው ጋዝ ነው። ጉቶው የኖረውን ያህል የኖረው የሚገፋው ስላልነበረ ነው። ያንን ግፊት አይችለውም። እንጨቱ ቢፈናጠር፣ አባባ ከላዩ ተኝተው፣ ፒፓው አፋቸው ውስጥ ሆኖ… ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አልጋውን አንሺ። መስኮቱን ክፈቺው። እኔ እመጣለሁ፤ ትኬት ቆርጫለሁ።

የቀሩት ጉድጓዶች የት እንዳሉም ከአባባ አፍ አውጪ። እባክሽ።

ሜሪት

---

ስቲልዋተር ሸለቆ
ኖቬምበር 20 ቀን 2009

ወንድሜ፣

አትምጣ። ትኬቱን መልስ። «ሜሪት ሊመጣ ነው» ስላቸው ምን እንዳሉ ልንገርህ፦ «ከበሩ ሲገባ እዚህ አልጋ ላይ እተኛለሁ፤ ተመልሶ እስኪሄድ አልነሳም። ከዚህ የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው።» ያደርጉታል። የናታችንን ቀብር ቆመው የጨረሱት በተሰበረ እግር ነው፤ ዘመዶቿ ወንበር ስላቀረቡላቸው።

መስኮቱን ከፈትኩት፤ ዘጉት። አልጋውን ሳሎን አወጣሁት፤ ላሞቹን አልቤ ስመለስ ቦታው ተመልሷል። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቁርጥማቱ የሚነሳባቸው ማገዶ ይፍለጡ ስትላቸው ብቻ ነው።

ዱዌይንን እጁን ይዤ አስገብቼ ክቡን አሳየሁት። ቁጢጥ ብሎ አየው። ወደ አባባ ዞሮ «ጌታዬ፣ ከዚህ በታች ጉድጓድ አለ እንዴ?» አላቸው።

«ልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ማጋነን ትወዳለች» አሉት።

«በረዶውስ ለምን ቀለጠ?»

«ምድጃው በዚህ በኩል ነው።»

ምድጃው በዚያኛው በኩል ነው። ዱዌይን ምድጃውን አየ፤ እኔን አየኝ፤ «ባለመሬቱ ካሉ እንግዲህ…» አለ። የፈራ መሰለኝ። ፈርቶም ሄደ።

አሁን ስለ ሰኞ። ሰላሳኛው ቀን ምን እንደሆነ ረሳኸው እንዴ? ኦክላሆማ እንዲህ ሰው ታበላሻለች? ከምስጋና በዓል ቀጥሎ የሚመጣው ሰኞ ነው፤ የአጋዘን ሰኞ፣ አደኑ የሚከፈትበት። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፤ በዚያን ቀን የሞተ ሰው ማክሰኞን ይጠብቃል። ቴክሳሶቹ የአገሩን ልጆች ለሥራ ጠርተው አንድ ሰው አለማግኘታቸው እንዳስደነቃቸው ሰማሁ። አባባ ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ጫካ ሳይገቡ ቀርተው አያውቁም። እኔም ይህን እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቼ አደርኩ፤ እግዜር ራሱ ቀጠሮ የያዘልን መስሎኝ።

ትናንት፣ ጠመንጃውን ልወልውልዎት ወይ ብላቸው፣ «ተዪው፤ ዘንድሮ ጉልበቴን ብርድ አላስመታም፤ ወለሉ ይሻለኛል» አሉ።

ኦርፋ

---

ቱልሳ
ኖቬምበር 23 ቀን 2009

ኦርፋ፣

ትኬቱን መለስኩ። ይህን ደብዳቤ ከበዓሉ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ በፈጣኑ ፖስታ ነው የላክሁት፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ቀኑን ለማስቀየር ሞከርኩ። «ግፊት የሚሰጡት መኪኖች በሰዓት ነው የሚከራዩት» ተባልኩ።

ሰኞ አባባን ከቤት አውጪያቸው። እንዴት እንደሆነ አትንገሪኝ።

ሜሪት

---

ስቲልዋተር ሸለቆ
ኖቬምበር 28 ቀን 2009

ሜሪት፣

እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ብቻዬን አልኮነንም።

ሐሙስ የበዓሉን ተርኪ እየበላን ነው። አባባ ጭኑን ይዘዋል። እኔ ድንች እየጨመርኩ፣ የሰማሁትን ሳልፈልግ እንዳመለጠኝ ሆኜ፣ «ቢቢም አሳዘነኝ» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ስለ እርስዎ የተናገረው ነው እንጂ… ይተዉት፤ በበዓል ቀን አይወራም።»

ጭኑ ሰሃኑ ላይ አረፈ። «ምን አለ?»

«‹ሽማግሌው ዘንድሮ ጫካ ባይገቡ ይሻላል› አለ አሉ። ‹አምና ለአጋዘን ብለው ያነጣጠሩት የእኔን ጊደር ነው› አለ አሉ።»

ቢቢ እንዲህ አላለም። ቢቢ በሕይወቱ ስለማንም ክፉ ተናግሮ አያውቅም፤ ለዚህ የሚሆን ሐሳብ አይመጣለትም።

አባባ እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። ከዚያ «ጠመንጃዬን አምጪ» አሉ። ለቢቢ መስሎኝ ነበር። ለመወልወል ነው። ብርቱካናማ ሰደሪያቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማቸው ሞራ ተቀብቷል፤ ፒፓቸውንም፣ አጋዘን እንዳይሸተው ብለው፣ ራሳቸው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውታል።

ሰኞ እሳቸው ሲወጡ ቆጣሪውን አጠፋለሁ፤ ምድጃውን አጠፋለሁ፤ ላሞቹን ወደ ላይኛው መስክ እነዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልጠይቅህም። ማክሰኞስ ምን እንደምዋሽ ከወዲሁ እያሰብኩ ነው።

ኦርፋ

---

ቱልሳ
ዲሴምበር 1 ቀን 2009

ኦርፋ፣

ከቢቢ ቤት ደውለሽ «ሁላችንም አለን» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። አለን ማለት ምን ማለት ነው? ቤቱስ? ዱዌይን አቆመ? አባባ የት ነው የሚያድሩት? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የቀሩት ጉድጓዶች የት እንደሆኑ አሁንም አልተናገሩም?

ሜሪት

---

ስቲልዋተር ሸለቆ፣ ከእነ ቢቢ ቤት
ዲሴምበር 5 ቀን 2009

ወንድሜ ሜሪት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ይኸው ሰላምታህ፤ ዕዳዬን ከፈልኩ።

በስልክ ያሳጠርኩት የቢቢ ሚስት በአጠገቤ ቆማ የታጠበ ሰሃን ደግማ ታጥብ ስለነበር ነው።

ስለ ሰኞ የጠየቅከኝን አልጽፍልህም። ላሞቹ ድምፁን ሰምተው አጥር ሰብረው ሮጡ፤ እኔም ከላሞቹ ጋር። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ስንመለስ የአባባ መኝታ ቤት ወለል ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ግድግዳው ጭቃና ጨዋማ ውሃ ጠጥቶ፣ ጋዙ እንደ ፉጨት ይወጣ ነበር። ስለ አልጋው ባንነጋገር ይሻላል። ጉቶው የተገኘው የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። እሳት አልነሳም፤ የሚያስነሳው ሰው ጫካ ነበራ።

አባባ ሲመሽ መጡ። አጋዘን አልያዙም። ፊታቸው ምን እንደመሰለ ብነግርህ አታምንም፤ ጉቶውን ቀና ብለው አይተው፣ የመጥረቢያውን ምልክት ለይተው፣ ዱዌይንን «የአባቴ ሥራ ነው። የናንተ ሲሚንቶ ይሄን ያህል ዕድሜ ይዞ ያውቃል?» አሉት። ዱዌይን ኮፍያውን አወለቀ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። አባባም ወደ ተገለበጠው ወለል አንዴም ዞር ብለው አላዩም።

ሥራው ለሦስት ቀን ቆመ። ከዚያ ዱዌይን አዲስ ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዞረ፤ «አሮጌ ጉድጓድ አለ?» የሚል። ቢቢ «የለም» ብሎ ፈረመ፤ የሚያውቀው ነገር የለማ። ቤቱን የገዛው ከወራሾች ነው። አባባ አጠገቡ ተቀምጠው ወረቀቱን አዩ፤ ምንም አላሉም። ነገ ከቁርስ በኋላ በዚህኛው የኮረብታ ወገን ድንጋዩን መሰንጠቅ ይጀምራሉ። እንዳልከው ነው፤ አይቆሙም።

ለቢቢ ግን አዝኛለሁ። አባባ ጓዛቸውን ይዘው ቤቱ ገብተው ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩትም። በአራተኛው ቀን «ምን በደልኩዎት?» ብሎ ለመናቸው። እሳቸውም ስለ ጊደሯ ነገሩት። ቢቢን ታውቀዋለህ፤ «አላልኩም» ማለት ሲገባው፣ ብሎ ረስቶት የሆነ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ጨርሼ ፖስታውን አሽጌ ነበር። እንደገና የቀደድኩት ስለ ቀሩት ጉድጓዶች ለጠየቅከው ነው።

ስጽፍልህ በረዶ ጀመረ። የቢቢ ጓሮ፣ አጥሩ፣ አዲሱ ትራክተር፣ ሁሉም እየነጣ ነው። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ግን አንድ ቦታ ላይ ያረፈው ሁሉ ይቀልጣል። መጀመሪያ የጣሪያ ጠብታ ነው አልኩ። ክብ ነው ሜሪት።

ከግድግዳው በዚህ በኩል የአባባ አልጋ አለ። የቢቢ ሚስት ፎቅ ላይ ጥሩ ክፍል አንጥፋላቸው ነበር፤ እምቢ ብለው ወጥ ቤት ያስዘረጉት ራሳቸው ናቸው። ወለሉን በባዶ እግራቸው እየዞሩ ሞክረው፣ «እዚህ ጥግ እንደ ቤቴ ሞቅ ይላል» ብለው።

ልቀሰቅሳቸው መሄዴ ነው። ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ በቢቢ ስም የሚዋሽ ውሸት አልቆብኛል። ደግሞ ተነስተዋል መሰለኝ፤ አልጋው ሲጢጥ ይላል። ቢቢ ለዕርቅ ብሎ ትናንት አዲስ ትምባሆ ገዝቶላቸዋል። ክብሪትም አብሮ።

ኦርፋ